ሳይለካ የተሸጠው ፒን

የጓሮዬ በር ማጠፊያ ፒኑ ወልቆ ጠፍቶብኝ ነበር። በሩን በሽቦ አስሬ ሁለት ሳምንት ከከረምኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና የመለዋወጫ ሱቆች ከተደረደሩበት መንገድ መጨረሻ ላይ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ሮጬ ገባሁ። የገባሁት ለመጠለል ነው። ግን ሰው ቤት ዝም ብሎ መገተር ስለከበደኝ፣ «ለበር ማጠፊያ የሚሆን ፒን ይኖራል?» አልኩ።

ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ዕድሜዋ ሃምሳን የተሻገረ ነው። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በጋዝ በራሰ ጨርቅ ብረት ትወለውላለች።

«ቀዳዳው ስንት ነው?» አለችኝ።

«ይህችን ያህል» ብዬ አመልካች ጣቴን አሳየኋት።

«ወንድሜ፣ ጣት መለኪያ አይደለም። ይወፍራል፣ ይከሳል፣ በብርድ ይኮማተራል። ደግሞ ያሳየኸኝ ጣትህን ነው፤ እኔ የጠየቅኩህ ቀዳዳውን።»

ስቄ ተሸነፍኩ። ዝናቡ ሊያባራ አልፈለገም። እሷ ወሬ አትጠላም፣ እኔም አልጠላም። በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳበት ወፍራም ሳንቃ አለ። ከሳንቃው በላይ ደግሞ ወገቡ የተበላ አንድ ዝገታም ቡሎን በምስማር ተንጠልጥሏል።

«እሱስ ምንድነው?» አልኳት።

«እሱ? ፎቶግራፌ ነው» አለች። «ሰው ቆንጆ ሆኖ የተነሳውን ይሰቅላል፤ እኔ የተዋረድኩበትን ሰቀልኩ።»

የሰቀለችበትን ምክንያት የነገረችኝ እንዲህ ነው።

የመንገዱ ሰው «እትዬ ልክ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፣ እሷም አልጠየቀችም። ሱቅ ከመክፈቷ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት በእርሻ መሣሪያዎች ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርታለች። የግምጃ ቤቱ በር ሲዘጋ ከዚያ ይዛ የወጣችው አንድ የውፍረት መለኪያ ካሊበርና አንድ አመል ነው፤ ሳትለካ ዕቃ አትሰጥም። ባሏ ከሱቁ ጀርባ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ አለው። ዕድሜውን ሙሉ የብረት ጩኸት ሲሰማ ስለኖረ ጆሮው ደንዝዟል፤ አጠገቡ ላለ ሰው የሚናገረው ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ነው። ሳንቃውን የበሳላት እሱ ነው። ከአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ጀምሮ እስከ ሠላሳ ስምንት፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥሩ ከሥሩ በምስማር ተጭሮበታል። ከዚያ ሳንቃ ጋር ያልተገናኘ ፒን ከሱቁ አይወጣም።

ደንበኛ ሲመጣ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

«እትዬ፣ የትራክተር መጎተቻ ፒን ስጪኝ።»

«ቀዳዳው ስንት ነው?»

«የትኛው ቀዳዳ?»

«የትራክተሩም፣ የሚጎተተውም።»

«ያው ነዋ።»

«ያው ከሆነ ሁለቱንም ለክተህ ና። ምንድነው የሚጎትተው?»

«ተጎታች።»

«ጭኖ ነው ባዶውን? መንገዱ ሜዳ ነው ዳገት?»

«ኧረ እትዬ! አማቴ ልጇን ስትሰጠኝ ይሄን ያህል አልጠየቀችኝም።»

«ባትጠይቅ አይደል እንዳንተ ያለ አማች ያተረፈችው!»

ሰውየው እያጉረመረመ ይሄዳል፣ ለክቶ ይመለሳል። የማይመለስም አለ። ሦስት ሱቅ አልፎ ያለው ነጋዴ ቡሎን በዳዶ ጠርቅሞ «ይኸው ፒን» ብሎ ይሸጥለታል። እሷ ግን ቡሎንን ፒን ብላ አታውቅም። የቡሎን ጥርስ ብረቱ ላይ አስቀድሞ የተጀመረ ስንጥቅ ነው ትላለች፤ ሊሰበር ሲፈልግ ከየት እንደሚጀምር ያውቀዋል። ፒን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ከቀጠነም አይጎትትም፣ ይደበድባል። ትራክተሩ ሲነሳ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ሲቆም አንድ ጊዜ ይመታል፣ በየጉድጓዱ ይመታል። ርዝመቱ ደግሞ ከታችኛው ብረት አልፎ የማሰሪያው ክሊፕ ቀዳዳ ብቅ እስኪል መድረስ አለበት። ክሊፕ የሌለው ፒን መንገድ ሲያነጥረው ተፈናጥሮ ይወጣልና።

ይሄን ሁሉ ለደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ መናገር አይሰለቻትም። አንድ ሰው ግን መስማት ሰልችቶታል፤ ታናሽ ወንድሟ።

እናታቸው ስትሞት እሷ የአሥራ ዘጠኝ፣ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አጥባ አጉርሳ፣ ጥርሱ ሲነቀል ይዛ፣ ትምህርት ሲጠላ ጎትታ አሳደገችው። አሁን ጢሙ ሸበት ማለት የጀመረ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ እርሻ ውስጥ የሚሠራ ትራክተር ነጂ ነው። እጁ ፈጣን፣ ልቡ ቅን፣ ለምክር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። የተጣሉት በክሊፕ ነው። ያለ ክሊፕ ሲነዳ አይታው፣ ባልደረቦቹ ፊት «አንተ ልጅ፣ ጫማህን ማሰር ያስተማርኩህ እኔ፣ ፒን ማሰር የሚያስተምርህ ማን ይሁን?» አለችው። ባልደረቦቹ ከት ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «እንደ ደንበኛ እንኳ አታይኝም!» ብሎ ሄደ። አራት ወር አልመጣም። ስልክ ስትደውል ሚስቱ ታነሳና፣ «ደህና ነው እትዬ፣ ሰላም ብሎሻል» ትላለች። ሰላም እንዳላላት ሁለቱም ያውቃሉ።

ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ ሱቋ በር ላይ ቆሞ አየችው።

«እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ?»

ተነስታ ልታቅፈው ፈለገች፤ እጇ ግራሶ ነው። «ደህና፣ ደህና! ግባ እንጂ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ከስተሃል። ሻይ ላስመጣልህ?»

«የለም፣ ቸኩያለሁ። ነገ ዝናብ ይጥላል ብለውን አለቃችን እግር ተወርች ይዞናል። እንደዚህ ያለ ፒን ስጪኝ» ብሎ በጭቃና በግራሶ የተለወሰ አሮጌ ብረት ባንኮኒው ላይ አኖረ።

ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ቀዳዳው ስንት ነው? ቀና ብላ አየችው። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ገና ሳትናገር፣ የምትለውን እየጠበቀ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ደብተሩን ልታይ ስትል እንደዚህ ነበር የሚሰበሰበው። አሁን ብትጠይቀው ደግሞ አራት ወር ይሄዳል። ምላሷን ዋጠች።

ብረቱን በካሊበር ለካች። ወገቡ በመፋቅ ስለቀጠነ ተወችውና ያልተበላውን ጫፉን ያዘች። ሃያ አምስት። የውኃ ታንከር የሚጎትትባት የትንሿ ትራክተሩ ፒን ሃያ አምስት መሆኑን ታውቃለች፤ ልክ ነው። ርዝመቱ ረዘም ያለ መስሎ ታያትና ዝም አለች። ጠንካራውን፣ በእሳት የበሰለውን ሃያ አምስት አወጣች፤ ክሊፑን ራሷ ጨመረችለት። ስለ ክሊፑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሱም አየና ፈገግ አለ።

«ተባረኪ እትዬ። እሁድ ከነልጆቹ እመጣለሁ።»

ከሄደ በኋላ ብቻዋን እየሳቀች ቆየች። ባሏ ከጓሮ ብቅ ብሎ፣ «ምን አገኘሽ?!» ብሎ መንገዱን ሁሉ አሰማ።

«ወንድሜ መጣ!»

«ምን ጣለ?!»

«መጣ! መጣ ነው የምልህ!»

አሮጌ ፒኖችን አትጥልም። አጥባ በቆርቆሮ ታስቀምጣቸዋለች፤ በምን እንደሞቱ ማወቅ ትወዳለች። የወንድሟንም ብረት በጋዝ ጨርቅ ያዘችና መወልወል ጀመረች። ጭቃው ሲለቅ መጀመሪያ የታያት ጥርስ ነው። ከጫፉ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ የቡሎን ጥርስ። ቀጥላ ወገቡን ወለወለች። ቀዳዳውን ሞልቶ የሠራ ፒን ዙሪያውን እኩል ነው የሚበላው፤ ይሄ ግን በመዶሻ እንደተቀጠቀጠ ጎኑ ጠፍጥፏል። ከላይና ከታች ብረት የነከሰበትን ምልክት በጣቷ ለካችው። በሁለቱ መሐል አራት ጣት ሙሉ ይገባል። የትንሿ ትራክተር መጎተቻ ሁለት ጣት አይሞላም።

ቁጭ አለች።

ይሄ የታንከሩ ፒን አይደለም። በዚያ እርሻ አራት ጣት የሚወፍር መጎተቻ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መከስከሻው። ያ በተርታ የተደረደሩ ክብ ስለቶች ያሉት፣ የታረሰ ጓል የሚያደቅ፣ ሦስት ቶን የሚመዝን ብረት። ስለቱ ሊቀየር ከተማው ዳር ወዳለው ጋራዥ መምጣቱን ከደንበኞች ሰምታለች። የሚጎትተው ደግሞ ትልቁ ትራክተር ነው። የሁለቱም ቀዳዳ ሠላሳ ስምንት ነው፤ በግምጃ ቤት ዘመኗ መቶ ጊዜ ለክታዋለች። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ፒን ጥሎ ቡሎን ሸጉጧል፣ እሷ ደግሞ የቡሎኑን ልክ ወስዳ አዲስ ሸጠች። የተሳሳተውን ልክ እንዳለ ገለበጠች።

ከጋራዡ ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ ቁልቁለቱ። ቁልቁለቱ ግርጌ የልጆች ትምህርት ቤት አለ።

ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። በትራክተር ጩኸት ውስጥ ስልክ ማን ይሰማል? ደግማ አልሞከረችም። ከመደርደሪያው ሥር ሠላሳ ስምንቱን ፒን ከነክሊፑ አንስታ፣ የሱቁን በር ጎትታ ቆለፈች። ሱቋ በቀን ሲዘጋ ያየ ጎረቤት «እትዬ፣ ማን ሞተ?» ብሎ ተነሳ።

«እስካሁን ማንም!» አለችው።

ባሏን ከቶርኖው ላይ በትከሻው አዞረችው። ጆሮው ድረስ ጠጋ ብላ ሦስት ቃል ተናገረች። ያን ቀን ሳያስደግማት ሰማት።

ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ ሞተር ሳይክል ላይ ግን እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። ብስክሌት አለፋቸው። የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ሊያልፋቸው ትንሽ ቀረው።

«ፍጠን እንጂ!»

«እየፈጠንኩ ነው!»

«ወርጄ በእግሬ ልሩጥ?»

«ፒኑን ይዘሽ አትሮጪም፣ ከባድ ነው!»

ከጋራዡ በር ሲደርሱ መከስከሻው የለም። ዘበኛው በአገጩ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተ። ባሏ ያኔ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞተሩን አስጮኸው። ትራክተሩን ከኋላ ሲደርሱበት ቁልቁለቱ ሊጀምር መቶ ክንድ ያህል ቀርቶታል። ከኋላው አሸዋ የጫነ መኪና አለ። ባሏ ጥሩምባ ነፋ። ወንድሟ በመስታወቱ አያቸውና እጁን አውለበለበ፤ ሰላምታ መስሎታል። ስለቶቹ ፀሐይ ላይ ብልጭ ይላሉ፤ ከመጎተቻው በኩል በየእርምጃው ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ድምፅ ከሁሉ በላይ ታውቀዋለች።

አለፉት። ባሏ ሳያቆም ወረደች፤ ልትወድቅም ነበር። መንገዱ መሐል ቆማ ፒኑን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳች።

ትራክተሩ አራት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። መከስከሻው ከኋላ ገጭ አድርጎ ገፋው።

«እትዬ! አበድሽ እንዴ?» ወንድሟ ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። «ልገልሽ ነበር እኮ!»

«ውረድ።»

«አሁን ይሄ ምንድነው? ሰው ፊት...»

«ውረድ አልኩህ። ፍሬኑን ይዘህ ውረድና ጎማውን ድንጋይ አስደግፈው።»

የአሸዋው ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እመቤቴ፣ የቤተሰብ ጉባኤ ከሆነ ዳር ይዛችሁ አድርጉት!»

ወንድሟ ደም ሥሩ ተገታትሮ ወረደ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው፤ ግን እሱን አላየችም። ወደ ሹፌሩ፣ መንገዱ ላይ ወደ ቆሙት ሁሉ ዞረች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ወንድሞቼ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የተሳሳተ ፒን ሸጬለት ነው። እኔ ነኝ፤ ቀዳዳውን ሳልጠይቅ ሸጥኩ። አሥር ደቂቃ ስጡን።»

ሹፌሩ እሷን ለየና፣ «እትዬ ልክ ሳትለካ?» አለ። «እንግዲህ የምጽአት ቀን ቀርቧል ማለት ነው» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ወደ መጎተቻው ሄዱ። «ትንሿን ጣትህን ከፒኑ ጎን አስገባ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እትዬ...»

«አስገባ።»

ጎንበስ ብሎ አስገባ። ጣቱ እስከ አንጓው ገባች። ጣቱን ሲያወጣ ፊቱ ነጥቷል። ቀና ብሎ ቁልቁለቱን ተመለከተ፤ እታች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ ያባርራሉ።

ክሊፑን ፈትቶ ፒኑን መዘዘ። አዲሱ ፒን ከጋራዡ እዚህ እስኪደርስ ብቻ ጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ አብረቅርቋል። ሠላሳ ስምንቱን ሰጠችው። በመጀመሪያ አልገባም አለ፤ ባሏ የመከስከሻውን መጎተቻ በትከሻው ነቅነቅ ሲያደርገው ሁለቱ ቀዳዳዎች ተገጣጠሙና ፒኑ በራሱ ክብደት ሸተት ብሎ ወረደ። ክሊፑን ወንድሟ ራሱ አደረገ። ሁለት ጊዜ ጎትቶ ሞከረው።

«ዋናውን ፒን እኔ ነኝ የጣልኩት» አላት፣ ቀና ሳይል። «ጭቃ ጠባቂው ላይ አስቀምጬው ማሳ ውስጥ ወደቀ። ቡሎኑንም እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የመከስከሻው ነው ብልሽ... ያው ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔም ብጠይቅህ ትቀየመኛለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዝም ስትይ ገርሞኝ ነበር።»

«እኔንም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የአሸዋው ሹፌር ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነካ አደረገ። ወንድሟ ተሳፈረና፣ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ቁልቁለቱን ጀመረ። ከመጎተቻው ድምፅ አልተሰማም። እስከ ግርጌው፣ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር፣ ከአጥሩም አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ባሏ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ፈጥኜ ነድቻለሁ አይደል?!» አለ፣ ቁልቁለቱ እስኪያስተጋባ።

«እንደ ነፋስ» አለችው።

ወሬው እሷን ቀድሞ ሱቆቹ ጋ ደረሰ። ሦስት ሱቅ አልፎ ያለው ነጋዴ ሳምንት ሙሉ ሲያላግጥባት ከረመ፤ «እትዬ፣ ዛሬስ ለክተሻል?» ይላታል። እሷ ቡሎኑን ሰቀለች። ላጋጭ ሲመጣ በጣቷ ታሳየዋለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ወንድሟ በተናገረው እሁድ ከነልጆቹ መጣ። አሁን ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ ገና ሳትጠይቀው መዳፉን ይዘረጋላታል፤ የሁለቱም ቀዳዳ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንዳንድ ቀን ላቡ ያጠፋዋል። ያኔ ለክቶ እንዲመለስ ትልከዋለች፤ እየተነጫነጨ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ታሪኩ ሲያልቅ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከጓሮ ቶርኖው ይጮሃል። ተነስቼ አመሰገንኳትና ለሙከራ ያህል፣ «እንግዲህ ይሄን ሁሉ ተጨዋውተን እንደ ወንድም ሆነናል፤ በግምት አንዷን ብትሰጪኝስ? የጓሮ በር እኮ ነው» አልኳት።

መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰችና የምትወለውለውን ብረት አነሳች።

«እንደ ወንድም ከሆንክማ» አለችኝ፣ «ሁለቱንም ቀዳዳ ለክተህ ና።»